አልጋው ሥር የነበረው ሃይላንድ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ እናቴ ነው። እሷን አስፈቅጃለሁ።

እናቴ ለጡት ካንሰር ኬሞ ስትጀምር ቤታችን በመድኃኒት ተሞላ። የሐኪሙን ማለቴ አይደለም። አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሌላዋ የሽፈራው ዱቄት ይዘው ይመጣሉ፣ አሜሪካ ያለችው የአጎቴ ልጅ ደግሞ የእርድ ክኒን ላከች። አክስቴ ከገጠር በሁለት ሊትር ሃይላንድ ያመጣችው ግን ሌላ ነው። ጥቁር ቡናማ፣ ሲከፈት የበሰበሰ ቅጠል የሚሸት። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ስኒ። ስኒውን የማቀርብላት እኔ ነበርኩ።

ለአራተኛው ዙር ስንሄድ እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ደም ሰጠች። ኤስጂፒቲ የሚባለው የጉበት ምርመራ አለ አይደል፣ ከ40 ብዙም ማለፍ የሌለበት? 312 ሆኖ መጣ። ሐኪሙ "ዛሬ አይሰጥም" አለ። ቀጥሎ "እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?" ብሎ ጠየቃት። እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። "ምንም የለም" አልን።

ለምን ዋሸን? ፈርተን ነው። አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ አንዲት ሴት ቅጠል ጠጣሁ በማለቷ በሰው ፊት ስትገሰጽ ሰምተናል። ሰው የሚቆጡት ከሆነ ይደብቃል፣ ሐኪሞች ይህን እንዲያስቡበት ከልቤ እለምናለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሳነብ አደርኩ። ቀዩ የኬሞ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን ማለት ነው፣ ከሰውነት በዋናነት የሚወጣው በጉበት በኩል ነው። ጉበት ሲደክም መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ አፍ ይቆስላል፣ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ተቃራኒውም አለ፦ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ተክል ጉበትን ስለሚያፋጥነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት ኢሪኖቴካን የተባለ ሌላ የኬሞ መድኃኒትን የሚሠራ ክፍል ከደም ውስጥ በ42 በመቶ ቀንሶታል። እርዱም ቢሆን ወጥ ውስጥ ሲገባና ተጨምቆ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በክኒን ሲመጣ አንድ አይደለም፣ በክኒኑ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ።

እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ግን ይሄ ነው። ኬሞው ራሱም ጉበት ሊነካ ይችላል። እኛ ከደበቅን ሐኪሙ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል? የሚያድናትን መድኃኒት ሊያቆምባት ይችላል እኮ!

"ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል" ለሚል ሰው ትግራይን አስታውሰዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ታሕታይ ቆራሮ አካባቢ የሰው ሆድ እያበጠ፣ ጉበቱ እየተበላሸ ብዙዎች ሞቱ። ተመራማሪዎች ሲከታተሉት መርዙ ከእህሉ ጋር ከሚደባለቅ አረም የመጣ ሆኖ ተገኘ። አረምም ቅጠል ነው።

በማግስቱ ተመልሰን ሄድን። እናቴ ሃይላንዱን ራሷ ከአልጋው ሥር አውጥታ በፌስታል ይዛ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሐኪሙ አልተቆጣም። ሁሉንም አስቆማት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ 96 ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ኬሞው ተሰጣት። የጎዳት ሃይላንዱ ነው ብሎ ግን አልፈረደም። ውስጡ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ።

ለአክስቴ ደወልኩላት። "የምን ቅጠል ነው?" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "እኔም የሰጠኝን ሰውዬ አልጠየቅኩትም፣ ልጄ" አለችኝ።