ጅሬን ዳገት ላይ

እሺ፣ ገብተናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፄ ካልተሰማችሁ ጨምሩት። ዶሮውም አለ። ታረደ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ አልታረደም። ፍልሰታም እየደረሰ ስለሆነ ለጊዜው የሚነካው የለም።

ስለ እንቅልፍ አወራለሁ ብዬ ነበር። ይቆየን። አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል፤ እሱን ሳላወራ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልኩም።

የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ እንዴት እንደሚያደርገኝ ታውቃላችሁ። ደረሰኝ፣ ቫውቸር፣ ኤክሴል፣ አልመጣ ያለ ድምር። ሲያልቅ በማግስቱ ጠዋት ጅሬንን፣ እዚህ ጅማ ያለውን ኮረብታ፣ በሩጫ ልውጣ ብዬ ተነሳሁ። ሰውነቴ ያረፈ ነው እኮ! ስንት ቀን ወንበር ላይ ነው የከረምኩት። እግሬ ምን ሰርቶ ይደክመዋል?

ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ያታልላል፣ ከዚያ ይከመርብሃል። ባሕር ዛፎቹ ጋ ያለችው ኩርባ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ፍጥነት መቀነስ አይደለም፣ ቀጥ አልኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «በቃ፣ አልቋል» አልኩ። ይሄን ስል ሰበብ እየፈለግኩ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ ማይ ብትሉኝ እምላለሁ፤ እግሬ ውስጥ የቀረ ነገር የለም።

ከላይ አንዲት እናት እንጨት ተሸክማ ትወርዳለች። ሸክሙ ከግራም ከቀኝም ተርፎ መንገዱን ይዟል። ገመዱ ደረቷ ላይ ነው የታሰረው፣ በአንድ እጇ ከሥሩ ገብታ ይዛዋለች፣ እንዳይቆርጣት ይሆናል። ከጉብጠቷ የተነሳ ቀና ብላ ልታየኝ አትችልም። ጫማዬን ነው ያየችው ብዬ አስባለሁ። ስታልፈኝ «ጀባዱ፣ ኢንተለ ኮ» አለችኝ። በርቺ ልጄ። አልቆመችም፣ መልስም አልጠበቀችም። ቁልቁለቱን ይዛ ወረደች።

እና እግሬ ተነሳ።

ወሰንኩ አልልም፤ እየሮጥኩ ነው ራሴን ያገኘሁት። እስከ ላይ ወጣሁ። ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሜ ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ። ያ ጉልበት የት ነበር? በዚያች ቅጽበት ምግብ አልበላሁም፣ ውሃ አልጠጣሁም። እግሬ ውስጥ የተጨመረ ነገር የለም። ታዲያ ቅድም ምኑ ነው ያለቀው?

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሳሙኤሌ ማርኮራ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። 16 ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን 90 ደቂቃ ሙሉ ትኩረት የሚጨርስ የኮምፒውተር ሥራ ያሠሯቸዋል፣ ሌላ ቀን ያንኑ ያህል ጊዜ ዶክመንተሪ ያሳዩዋቸዋል። ከዚያ ከቦታው በማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት እስኪያቅታቸው ድረስ ፔዳል ማስመታት ነው። ዶክመንተሪ ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሰከንድ ቆዩ። ጭንቅላታቸው በደከመበት ቀን 640። ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቀድመው ወረዱ ማለት ነው። ልባቸውና ሳንባቸው ሲለካ ደግሞ ለልዩነቱ ምክንያት የሚሆን ነገር አልተገኘም። የተለወጠው ከባድነቱ የሚሰማቸው ስሜት ነው። ያው ፔዳል ከመጀመሪያው ጀምሮ ከብዷቸዋል።

እኔ ይሄን ሳነብ ሰኔ 30ን ነው ያሰብኩት። ኩርባው ላይ ያቆመኝ ኤክሴል ነው እንዴ?

ደራርቱ ደግሞ ትዝ አለችኝ። የኒውዮርክ ማራቶን፣ 2009 እ.ኤ.አ.። ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ወደ ኋላ ስትቀር፣ ደራርቱ ዞር ብላ «ነይ፣ ነይ» ትላታለች። ተፎካካሪዋን! የዓለም ክብረ ወሰን የያዘችውን ሴት። 37 ዓመቷ ነበር፣ ብዙ ሰው አብቅቶላታል ብሏት ነበር። ኋላ ውድድሩን ያሸነፈችው ራሷ ደራርቱ ናት። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ያን ያህል ርቀት ሮጣ፣ የራሷ ትንፋሽ እየቆረጣት፣ ለሌላ ሰው በርቺ የምትልበት ትርፍ አላት።

ያቺም እናት እኮ እንደዚያው ናት። እንጨቱን ተሸክማ እኔን ታበረታታለች። እኔ በጠዋት ለጤናዬ ብዬ የምወጣውን ዳገት እሷ ለእንጀራ ነው የምትመላለስበት። ለሷ በርቺ የሚላት ማነው? ይሄን ሳስብ ያናድደኛል፣ ማንን እንደምቆጣ ግን... ተዉት። ራሱን የቻለ ክፍል ነው።

ወደ ዋናው ልመለስ። ዋናው ወንድሜ ነው። የመግቢያ ሙዚቃችንን የሠራው፣ የምታውቁት። ስለሱ ላወራ እንደሆነ ጠይቄው «እንደፈለግሽ» ብሎኛል። «እንደፈለግሽ» አሁን ለሁሉም ነገር መልሱ ነው። ምሳ ምን ይሁን? እንደፈለግሽ።

ይሄ ልጅ እኮ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ያውም ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት፣ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ሌሊቱን ሲሮጥ ያደረ ነው። ድምፁ ተዘግቶ ነው የመጣው። አሁን ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት ያለችው መንገድ ትረዝምበታለች። ለድብርቱ ሐኪም አይቶታል፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል። እንቅስቃሴም ይረዳሃል ተብሏል።

ርዳታውን አልጠራጠርም። በ1999 እ.ኤ.አ. የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያወጡት ጥናት አለ። 156 የድብርት ሕመምተኞች፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ። አንዱ ቡድን በሳምንት ሦስቴ ስፖርት፣ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ ሁለቱንም። ከ16 ሳምንት በኋላ የሦስቱም መሻሻል ተቀራራቢ ነበር። መድኃኒቱ ቶሎ ነው የጀመረላቸው፣ ስፖርቱ ግን ደረሰበት። ይሄን ሰምቶ ክኒኑን የሚጥል ሰው እንዳይኖር አደራ! ሦስቱም ቡድን በሐኪም ዓይን ሥር ነበር።

እና እኔ የጅሬኑን ነገር ይዤ እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፣ ኩርባውን፣ እናትየዋን፣ ማርኮራን። «አየህ፣ አልቋል የሚልህ ጭንቅላትህ ነው፣ እግርህ ውስጥ ግን አለ» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ «አንቺ መሮጥ ፈልገሽ ነዋ የወጣሽው» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ምክንያቱም ልክ ነው። እናትየዋ በርቺ ስትለኝ እኔ ጫማዬን አጥልቄ፣ ከቤት ወጥቼ፣ ግማሹን ዳገት ጨርሼ ነበር። የዱኮቹም ሰዎች እኮ ፈቅደው የተመዘገቡ ናቸው። የማርኮራዎቹም ቢያንስ ብስክሌቱ ላይ ወጥተዋል። ሁሉም ጥናት የሚጀምረው ሰውየው በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። የኔ ወንድም የታመመበት ቦታ ደግሞ እሱ ነው፣ መፈለጉ ጋ። እግሩን ያመመው ሰው ሩጥ አይባልም። መፈለግ ያመመው ሰውስ ምን ይባላል? አይዞህ? አይዞህ ስለው ከርሜያለሁ።

ግን ደግሞ... ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ሲያባራ፣ ምንም ሳልለው በረንዳ ላይ ሁለት በርጩማ አወጣሁ። ቡናው ሲቆላ መጣ። ተቀመጠ። ከዚያ ሱቅ ድረስ አብሮኝ ሄደ፣ ስኳር ልንገዛ። እየተራመደ ነበር። ይሄ ስፖርት ነው? አይመስለኝም። ልቡ እንኳን ቶሎ የመታ አይመስለኝም። ዓርብ ደግሞ በርጩማዎቹን አወጣሁ፣ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ስለዚህ ቡናው ነው፣ ዝናቡ ማባራቱ ነው፣ ወይስ ዝም ማለቴ ነው፣ እኔ እንጃ። ምናልባት ሐሙስ ራሱ እንዲሁ ደህና ቀን ነበር።

እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ በድምፅ ላኩልኝ። ምክር አትላኩ፣ ምክር ሞልቶኛል። ያደረጋችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ ያልሠራውንም። በተለይ ያልሠራውን። ምክንያቱም እኔ አሁን ከበሩ እስከ... ቆይ፣ እየጠራኝ ነው መሰለኝ። አይ፣ ዝናቡ ነው። ወይም... ቆዩኝ እስቲ አንዴ