ሚሚ ሳትወልድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ድመቴ ስለ ሚሚ ነው የማወራችሁ። 5 ወር ሊሞላት ነው። ላስመክናት ወይስ ልተዋት የሚለው ሐሳብ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አሁን ወስኛለሁ፤ ትመክናለች።

ጎረቤታችን እማማ አልወደዱልኝም። «ወንጀል ነው ልጄ! አንዴ እንኳን ትውለድና ዓይኗን በዓይኗ ትይ» አሉኝ። አዝነውላት ነው። የከበደኝም ለዚሁ ነው።

ግን ከወለደች በኋላስ? ድመት ገና በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው 2 ወር ገደማ ነው። ልጆቿን እያጠባች እንኳን ደግማ ትይዛለች። የድመት መራቢያ ወቅት ደግሞ የሚከተለው የቀን ብርሃንን ነው። ፈረንጅ አገር ቀኑ ሲያጥር ታርፋለች። እኛ ጋ ቀኑ ብዙም ስለማይለዋወጥ ዓመቱን ሙሉ እረፍት የላትም።

ልጆቹን ማን ይወስዳቸዋል? ደሴ ውስጥ ማለዳ በእግሩ የሚሄድ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ቦርከና ወንዝ ዳር የተጣለ ካርቶን አይቻለሁ። ውስጡ ዓይናቸው ያልተገለጠ የድመት ልጆች ነበሩ። አንዷ የእህቷን ጆሮ ይዛ እንደ ጡት ትጠባ ነበር። ወንጀል ከተባለ ለእኔ ይኼ ነው።

«አንዴ ትውለድ» የሚባለው ለጤናዋም አይጠቅማትም። እንዲያውም ወንድ ፍለጋ መጮህ ሳትጀምር ከመከነች፣ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል።

የምፈራው ቀዶ ጥገናውን ነው። ወንድ ብትሆን ቀላል ነበር። ሴት ግን ሆዷ ይከፈታል። የእንስሳት ሐኪም አላጣንም፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ግን አብዛኛው ሐኪም ውሎው ከከብትና ከበግ ጋር ነው። ስለዚህ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ሴት ድመት አስመክነህ ታውቃለህ? ከማደንዘዣው በፊት ትመዝናታለህ? የሕመም ማስታገሻስ ትሰጣታለህ? እኔ ለሦስቱም ደህና መልስ ያገኘሁት ኮምቦልቻ ነው። ቀጠሮ ይዣለሁ።

እናንተም ካሰባችሁ ሁለት ነገር አደራ። ድመት ከማደንዘዣ ስትነቃ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ያዙ። ደግሞ አመማት ብላችሁ ቤት ያለውን ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። ድመትን ይገድላል።