ዕድገቱ ሲቆጠር ልጆቻችን የት ናቸው?

የተከበራችሁ የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ ወጣት እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ ከደሴ ስመጣ፣ ሐረጎን ስንወርድ አጠገቤ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር። ዲግሪዋን እንዳይታጠፍ በላስቲክ ሸፍና ጉልበቷ ላይ ይዛዋለች። "ማስታወቂያ ወጥቶ ልመዘገብ ነው" አለችኝ። ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው። እስከዛው ምን ትሠራለች? ቅዳሜ ቅዳሜ የአክስቷን ሱቅ ትጠብቃለች።

ይህች ልጅ ሥራ አጥ ናት? በቆጠራው አይደለችም። ባለፉት ሰባት ቀናት ለአንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አለው ተብሎ ይመዘገባል። መለኪያው ዓለም አቀፍ ነው። ለእሷ ግን አይበቃም።

እኔ የምጣኔ ሀብት መምህር ነኝ። አርተር ኦከን የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1962 ያወጣውን ስሌት በየዓመቱ አስተምራለሁ። በአሜሪካ ሥራ አጥነት በ1 የመቶኛ ነጥብ ከጨመረ፣ ለምሳሌ ከ4 በመቶ ወደ 5 በመቶ ከወጣ፣ ምርቱ በ3 በመቶ ገደማ ይጎድላል አለ። ኢኮኖሚው ሲያድግ ሥራ ይገኛል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል ማለት ነው። ግንኙነቱ እውነት ነው። ልኩ ግን በየአገሩ፣ በየክልሉም ይለያያል።

በፈረንጆቹ 2009 የጀርመን ምርት ከ5 በመቶ በላይ ወደቀ። ሥራ አጡ ግን ብዙም አልጨመረም። ፋብሪካዎቹ ሰው ከማባረር ሰዓት ቀነሱ፣ መንግሥት የጎደለውን ደሞዝ በከፊል ሸፈነ። የስፔን ምርት የወደቀው ከጀርመን ባነሰ ነበር። ሆኖም እዚያ ቤት ግንባታው ቆመ፣ በጊዜያዊ ውል የተቀጠረው ሁሉ ተበተነ፣ ሥራ አጡ 18 በመቶ ገደማ ደረሰ። በራሷ በስፔን ውስጥም በደቡብ ያለው የአንዳሉሲያ ክልል ሥራ አጥነት በሰሜን ያለውን የባስክ ክልል እጥፍ ያህል ሆኖ ያውቃል። ያው አንድ አገር፣ አንድ ሕግ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ቢራ ፋብሪካ ማሽን ጨምሮ ምርቱን ሲያሳድግ የሚቀጥረው ጥቂት ሰው ነው። ደረቅ ወደቡም ኮንቴይነር የሚያነሳው በክሬን ነው። ልብስ ስፌት ግን በየማሽኑ ሰው ይፈልጋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ተስፋችን እሱ ነበር። ከዚያ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ተዘጋብን። ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት። የአገሪቱ ዕድገት በዚያ ዓመትም አልቆመም፤ እዚህ ግን ልጆቻችን ቤት ዋሉ።

ቤት ውለውስ ምን ሆኑ? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ደሃ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። ጉልት ይቸረችራል፣ ቀን ሥራ ይወጣል፣ ተቆጣሪውም ሥራ አለው ብሎ ይጽፈዋል። አንዱ ደግሞ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ለመግባት ይነሳል። እሱ ሲሄድ ከሰፈሩ አንድ ሥራ አጥ ቀነሰ። ቁጥሩ አማረ! እናቱ ግን ስልክ እንዳቀፈች ታድራለች። በወሎ ይህ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው።

ስለዚህ መሬት ለባለሀብት ሲሰጥ፣ ካፒታሉ ከመነገሩ በፊት ስንት ሰው፣ በምን ደሞዝ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀጥር እንጠይቅ። የከተማችንን ቁጥርም ከአገሩ ለይተን እንያዝ።

ዛሬውኑ እንጀምር። መውጫው በር ላይ ደብተር አለ። ስም አትጻፉ። ሰፈራችሁን፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ፣ ሥራ ፍለጋ ከቤት የወጣ ልጅ ካለም የት እንዳለ ብቻ ጻፉ። መጻፍ ለሚቸግራችሁ ተማሪዎቼ በሩ ላይ ቆመዋል። አብሽሩ፣ እስከ ማታ አንሄድም።