መዝገባችን ምን ይላል? በኮምቦልቻ በቅሬያችን (በእድራችን) ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ ሸሆቻችንና ቄሶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ የቅሬያችን አባላት፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ጉባኤውን በዱዓና በጸሎት ለከፈታችሁልን አባቶች ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥልን። ከንጋት ጀምረው ቡናውን ላሰናዱ እህቶቻችንም ምስጋናዬ ይድረስ።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያነብላችኋል። እኔ ባጭሩ ልበል፤ ሁለተኛው ድንኳን ተገዝቷል፣ የተሰበሩት ወንበሮች ተጠግነዋል፣ የወጣው ሁሉ በደረሰኝ ነው፣ ሳንደርስ የቀረንበት ለቅሶ የለም። በ2014 ከተማችን በጦርነት ስትጨነቅ እንኳ ሬሳ ሜዳ ያላስቀረ ቅሬ ነው ያለን። እኮራበታለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

እንደምታውቁት ጡረታ እስክወጣ ድረስ በነርስነት ነው ያገለገልኩት። ሰብሳቢ ስታደርጉኝ የሞት መዝገባችን ስም፣ ቀንና የተከፈለ ገንዘብ ብቻ ነበር የሚይዘው። ዕድሜና ሥራ የሚጻፍበት ሁለት ዓምድ ጨመርኩበት። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መዝገቡን ዘርግቼ ገጽ በገጽ ወረድኩት። ሰማንያ ዘልቀው የሄዱልን ነጋዴው፣ ባለ ሕንፃው፣ ጡረተኛው የቢሮ ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ሳያደርሱ የሄዱት ደግሞ ጫኝና አውራጁ፣ ግንበኛው፣ ቀን ሠራተኛው፣ ልብስ አጣቢዋ። ልዩነቱ እንዲህ ቁልጭ ብሎ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ቅሬያችን ባለጸጋውንና ድሃውን በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል፤ ሞት የሚያገኛቸው ግን በተለያየ ዕድሜ ነው።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንደን ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታትለዋል፤ የኋይትሆል ጥናት ይባላል። ከ40 እስከ 64 ዓመት ባሉት መካከል፣ በታችኛው እርከን ያሉት ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች የሞታቸው መጠን ከከፍተኛ ሹማምንቱ 3 እጥፍ ያህል ነበር። ሕክምና በነፃ በሚሰጥበት አገር፣ ሁሉም ደመወዝተኛ በሆነበት መሥሪያ ቤት! ሲጋራውና ደም ግፊቱ ተሰልቶ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። የተጎዳውም የመጨረሻው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ላይኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ይሻል ነበር። ስለዚህ እዚህ የተቀመጠው ሹፌርም ሆነ ጸሐፊ "እኔ ድሃ ስላልሆንኩ አይመለከተኝም" አይበል።

ብዙዎቻችሁ የቀበራችሁትን አንድ ወንድማችንን ላንሳ፤ ቤተሰቡ እዚህ ስላለ ስሙን አልጠራም። ሲሚንቶ አውራጅ ነበር። 50 ኪሎውን ከረጢት በትከሻው ከመኪና ወደ መጋዘን ሲያመላልስ ነው የኖረው። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ጎኔ ተቀምጦ "ጋሼ፣ ይሄ ራስ ምታት አልለቅ አለኝ" አለኝ። ማስታገሻ እየገዛ ወራት አሳልፏል። "ነገ ጤና ጣቢያ ሂድና ግፊትህን ተለካ" አልኩት። "ነገ መኪና ይገባል ጋሼ፤ አንድ ቀን ከቀረሁ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል" አለ። ሳይለካ ቀረ። መለኪያው እኔ ቤት ሣጥን ውስጥ ነበር። ያኔውኑ ይዤው ሄጄ ልለካው እችል ነበር፤ አላደረግኩትም። ይህ ከውስጤ አይወጣም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከረጢት እንደተሸከመ ወደቀ፤ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ጊዜው አልፏል። በ3ኛው ቀን ድንኳን ተከልን። ደንባችን የሚለውን ገንዘብ ቆጥሬ ለባለቤቱ በእጇ ሰጠኋት። ትከሻው ላይ የሚጥላት ጆንያ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለች ነበረች፤ ሲሚንቶው ደርቆባታል። የሰጠኋት ገንዘብ የቤተሰቡን የጤና መድን መዋጮ ለስንት ዓመት ይከፍል እንደነበር እያሰላሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች መሞከር ሲጀምር አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የድሃ ድሃ ለተባለው መንግሥት ይከፍልለታል። የሚቀረው መሐል ላይ ያለው ነው፤ ከዕለት ጉርሱ ተርፎት የዓመቱን መዋጮ ባንዴ ማውጣት ያቃተው። የምዝገባው ጊዜ ካመለጠው ደግሞ ዓመት ይጠብቃል።

ኮሚቴያችን ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ለቀብር የተቀመጠው ሳይነካ፣ ከቅጣትና ከዕቃ ኪራይ በሚገባው ገንዘብ መዋጮው ያቃታቸውን አባላት እናስመዝግብ፤ በየወሩ ስብሰባ ላይም ግፊት እንለካ። ሦስት ጊዜ ጠራናችሁ። ሦስቱንም ጊዜ ምልዓተ ጉባኤው ሳይሞላ ተበተንን።

ፊት ለፊት የተቃወማችሁንን አከብራለሁ። "ቅሬ የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ገንዘቡ ካለቀ ነገ ሬሳ በምን ይነሳል?" ማለት የሚገባ ጥያቄ ነው። የከፈንና የሣጥን ዋጋ የት እንደደረሰ አላጣሁትም። ሒሳብ ሹማችን ቁጥሩን ያሳያችኋል፤ አይታችሁ ፍረዱ። የቀብር መዝገብ ለነዋሪው እንደሚጠቅም ደግሞ አዲስ አበባ ታይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1993 ጀምሮ በከተማዋ መካነ መቃብሮች የሚቀበሩትን ያስመዘግብ ነበር። በ1997 የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉት ሞት መቀነሱ ከዚያው መዝገብ ነው የታየው። መድኃኒቱ ከኪስ ጋር ሳይያያዝ ሲቀርብ ሰው ዳነ።

ያሳዘኑኝ ሳይመጡ የሚያስቀሩን ናቸው። መዋጮውን በልጅ፣ ቅጣቱን በሹፌር ልካችሁ ለምትቀሩት ነው የምናገረው፤ የሰማችሁ አድርሱልኝ። ወንድሜ፣ አባትህ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑን ማን ተከለልህ? ቃሬዛውን ማን ተሸከመልህ? ሦስት ቀን ውሃ ማን ቀዳልህ? ያ ሲሚንቶ አውራጅ ነው። የዚያን ዕለት ሥራውን ትቶ ነው የመጣልህ፤ የቀን ገቢውን ማንም አልተካለትም። አንተ እሱ ጉዳይ ላይ ለአንድ እሑድ ሁለት ሰዓት አጣህ?

ዛሬም ቆጥረናል፤ ጥቂት ሰው ይጎድለናል። ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው። ስልካቸው ያላችሁ አሁኑኑ ደውሉላቸው፤ መኪና ያላችሁ ቤታቸው ድረስ ሂዱና አምጡልን።

መለኪያውን ይዤው መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እስኪመጡ ድረስ ሸክም ላይ የምትውሉት ቅደሙ፤ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ወደዚህ ኑልኝ።