ማሽላው ለጌጥ አልመጣም

የተከበራችሁ የከተማችን ኃላፊዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ከኤረር፣ ከሶፊ፣ ከድሬ ጥያራ፣ ከፈዲስና ከሐረማያ የመጣችሁ ገበሬዎች፣ እናቶቼ፣ የአፎቻና የእድር ጎረቤቶቼ፦ እንኳን ለዘንድሮው የመኸር በዓል አደረሳችሁ።

ስለ ሐረር ምግብ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ምግባችንን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። የአብሹን ወጥ፣ ሁልበት መረቁን፣ ታውቁታላችሁ። በፀሐይ የደረቀው ቡናችን ባሕር ተሻግሮ ስም አውጥቷል። የባቢሌን ኦቾሎኒ የማያውቅ የለም። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ማሽላ ብቻ ነው። ከእናቴ ወርሼ እህል የምሸጥ ሴት ነኝ። ማሽላ አሳድጎኛል፤ ልጆቼንም አሳድጎልኛል።

ባለፈው ዓመት በዓል ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ያላያችሁ ስሙልኝ።

ከሐረማያ በኩል አንድ አባት መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው። በነጠላ የተጠቀለለ የማሽላ ዛላ ይዘዋል። ሙይራ የሚባለው የማሽላ ዓይነት ነው፤ ቀይ ሙይራ። አጨዳ ሳይጀመር ማሳው ውስጥ ገብተው፣ አገዳውን እያዩ፣ ዛላውን በእጃቸው እየመዘኑ የመረጡት ነው። ከዚያ ከምድጃው በላይ ሰቅለውታል። ጢሱ ነቀዙን ያባርራል። የዘር ማሽላ በሐረርጌ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ጉድጓድ የሚገባው የምግቡ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የቆየ ማሽላ ይበላል እንጂ ቢዘራ ብዙው አይበቅልም። ይህን ማንኛዋም የገበሬ ሚስት ትነግራችኋለች።

እኚህ አባት ዘራቸውን ይዘው የመጡት ለማሳየት ነበር። ሙይራ የጠፋበት ሰው ካለ ሊያካፍሉም አስበው ነበር። የበዓሉ አዘጋጆች በሩ ላይ ተቀበሏቸው። «ጎሽ አባባ፣ በጣም ያምራል!» አሏቸው። ወሰዱና መድረኩ ላይ በምስማር መቱት! ከፕላስቲክ አበባ ጋር ደባልቀው፣ ለካሜራ እንዲያምር። እሳቸውን ከኋላ፣ ድንኳኑ በማይደርስበት፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው። ንግግር ተደረገ። ስለ ገበሬው ታታሪነት ብዙ ተባለ። ፎቶ ተነሳ። ምሳ ቀረበ። ምሳው ሩዝና ፓስታ ነበር። በመኸር በዓል፣ በማሽላ አገር፣ ሩዝና ፓስታ!

ማታ ላይ የመድረኩ ጨርቅ ሲወርድ ማሽላውም አብሮ ወረደ። ተረገጠ። ተጠረገ። አባት ቀስ ብለው ወደ እኛ መጡና «ልጄ፣ ዘሬን ማንን ልጠይቅ?» አሉኝ። እኔና ጎረቤቶቼ መሬት ለመሬት እየዳኽን ከአፈርና ከወረቀት መሀል ፍሬ ለቀምን። የተገኘው ሁለት እፍኝ አይሞላም። ከአዘጋጆቹ አንዱ እያየን ነበር። «እማማ፣ ለምን ትደክማላችሁ? ማሽላ ገበያ ሞልቶ የለም እንዴ!» አለን።

ማሽላማ ሞልቷል! እኔው ነኝ የምሸጠው። የእሳቸው ዘር ግን ገበያ ላይ የለም። ገበያ ያለው የተደባለቀ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ በምን ዝናብ እንደበቀለ አይታወቅም። የእሳቸው ሙይራ አባታቸው የዘሩት፣ አያታቸው የዘሩት ነው። ያንን አፈር ያውቀዋል። በሚያዝያ ተዘርቶ ህዳር እስኪወጣ ድርቁንም ውርጩንም አብሮ ለምዷል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ስንት ቤት ለዘር ያስቀመጠውን ፈጭቶ እንደበላ እዚህ ያላችሁ ገበሬዎች ታውቃላችሁ። እኚህ አባት በዚያ ዓመት ሳይበሉ፣ ተርበው ያቆዩትን ዘር እኛ በአንድ ቀን በዓል ጨረስነው።

የከተማችንን ግንብ፣ ጀጎልን፣ እንጠብቃለን። በ2006 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ኮራን። ደግ ነው፣ እኔም እኮራለሁ። ግን ከግንቡ ውስጥ ያለው ሰው ለዘመናት ምን በልቶ ነው የኖረው? በአምስቱ በሮች በአህያ ሲገባ የኖረው ምን ነበር? ከግንቡ አንድ ድንጋይ ቢወድቅ ኮሚቴ ይቋቋማል። ፈንዲሻ፣ ወገሬ፣ ሙይራ የሚባሉት የማሽላ ዓይነቶች ከአንድ መንደር ሲጠፉ ማን ይቆጥራል? ማን ደብዳቤ ይጽፋል?

አሁን ደግሞ የምትቆጡኝን ልናገር።

«ገበሬው ማሽላውን ትቶ ጫት ተከለ» እያልን ስንወቅስ እንውላለን። በየስብሰባው እሰማዋለሁ። የሚወቅሰው ሰው ቤት ግን የማሽላ እንጀራ አይጋገርም። እንግዳ ሲመጣ ማሽላ ማቅረብ እንደ ነውር ተቆጥሯል። ባለፈው በአንድ ሆቴል የማሽላ ቂጣ አላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጁ ሳቀብኝ። እሱ ላይ አልፈርድም፤ ከእኛ የተማረው ነው። ማሽላ የድሃ ምግብ ነው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። ጫት አወዳይ ገበያ ሲደርስ በዕለቱ ገንዘብ ነው። ማሽላ እኔ ሱቅ ደርሶ ገዢ ይጠብቃል። ገበሬው ልጅ ያስተምራል፣ ዘይት ይገዛል። መኪና ይዞ የሚጠብቀው የጫት ገዢ እያለ የማይፈልገንን ከተማ ለምን ያብላ? እኛ ሳንገዛ እሱን አንውቀስ!

ደግሞም ገበሬው ማሽላውን ጨርሶ አልተወም። በጫቱ መስመር መሀል እየዘራው ነው። ፍሬው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። አገዳው ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ማሳው ሲበዛ ይሳሳና የተነቀለው ለበሬው ይሰጣል። የሐረር ሰንጋ ተብሎ እስከ አዲስ አበባ የሚመሰገነው በሬ በገበሬው እጅ እየጎረሰ የሚደልበው በምን ይመስላችኋል? ለዚህ ነው አጭሩን፣ ቶሎ የሚደርሰውን ምርጥ ዘር ስታመጡለት «አገዳውስ?» ብሎ የሚጠይቀው። እውቀት አጥቶ አይደለም። ባለሙያዎቻችን ይህን ጥያቄ በደንብ ብታዳምጡት ደስ ይለኛል።

ሳይንሱን እየናቅኩ አይደለም። እዚሁ ሐረማያ፣ ያኔ አለማያ በሚባለው ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ድርቅንና አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። ዓለም በማሽላ ሸልሟል፤ እኛ በማሽላ እናፍራለን?

ስለ ውሃም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከተማው በጄሪካን የተሰለፈበትን ዘመን አልረሳንም። ማሽላ በዝናብ ይበቅላል፤ ሐይቅ አይጠጣም። ስለ ወጣቶች ሥራ፣ ስለ ወፍጮ፣ ስለ መንገድ ሌሎች ይናገሩ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

የምጠይቀው ይኸው ነው። የትምህርት ቤት ምገባ የምታስተዳድሩ ሰዎች እዚህ ተቀምጣችኋል። በሳምንት ጥቂት ቀን የማሽላ ገንፎ ወይም እንጀራ ለልጆቹ ስጡ፤ እህሉንም ከእነዚህ ገበሬዎች ግዙ። ውሉ ከመዝራት በፊት ይፈረም፤ ገበሬው በሚያዝያ ገዢውን አውቆ ይዝራ። ባለሆቴሎች፣ ቁርሳችሁ ላይ አንድ የማሽላ ምግብ ጨምሩ። ጋጋሪ ከጠፋ እኔ አመጣላችኋለሁ፤ በየሰፈሩ እጃቸው የተፈታ ሴቶች አሉ። የበዓሉ አዘጋጆች፣ ለመድረኩ ማስዋቢያ ሌላ ነገር ፈልጉ። ከእንግዲህ የዘር ማሽላ ምስማር እንዳይነካው!

ዘንድሮ እኛ የገበያ ሴቶች ከድንኳኑ በስተቀኝ ጠረጴዛ አዘጋጅተናል። የዘር መለዋወጫ ነው። ዛላውን ያመጣ ገበሬ ስሙን፣ መንደሩንና የማሽላውን ዓይነት ያስመዘግባል፤ የፈለገ ሰው ከሌላው ጋር ይቀያየራል። ገንዘብ አይጠየቅም። ያ አባትም መጥተዋል። ጎረቤታቸው ዘር አበድሯቸው፣ ከዚያችው እፍኝ ጋር ዘርተው አጭደዋል። እዚያ ከኋላ ተቀምጠው አያቸዋለሁ።

አባባ፣ ይምጡ ወደ ፊት። ልጆች፣ እዚህ ከፊት ረድፍ ወንበር ልቀቁላቸው። ምሳው የማሽላ እንጀራ በሁልበት መረቅ ነው፤ ጎረቤቶቼ ሌሊቱን ሲጋግሩ አድረዋል። መጀመሪያ ገበሬዎቹ ይነሱ።