በሦስት ጣት የሚበተን ዩሪያ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሜን ሸዋ ካለችው ከእነዋሪ ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። ያየሁት ነገር ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ለእናንተ ላውራችሁ ብዬ ነው።

አጎቴ፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚያው እነዋሪ ባለችበት ወረዳ፣ ሞረትና ጅሩ ነው የሚያርሱት። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ልጆች ሳለን ቤተሰቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ በእጁ መደብ ይሠራ ነበር፣ ውሃው በቦዩ እንዲወርድ። ዛሬም እንደዚያው ይሠራሉ። ጉልበት አላጠራቸውም። ያጠራቸው ማዳበሪያ ነው።

ጋሼ ስንዴው ላይ ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ሲበትኑ አብሬያቸው ነበርኩ። ድሮ ከሳፋው እፍኝ ሙሉ ነበር የሚዘግኑት። ዘንድሮ በሦስት ጣታቸው ቆንጠር እያደረጉ፣ ወጥ ላይ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው። ማሳው መሀል ሲደርሱ ቆሙና «እዚህ ድረስ ይብቃው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ላለው ምንም አልደረሰውም። ወርጄ አየሁት። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ከቤቱ ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት ግን አረንጓዴዋ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ አመድና የበረት ጥራጊ ስለሚደፋባት።

«ታዲያ ለምን ፍግ አይጠቀሙም?» የሚል ጥያቄ ከተማ ውስጥ እሰማለሁ። እኔም ጠይቄያለሁ። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ የተከመረውን ኩበት አሳዩኝና «ይሄን ማሳ ላይ ከደፋሁት እንጀራውን በምን ልጋግረው?» አሉኝ። እንጨት የለም። ያለችው ባሕር ዛፍ ለብር ነው የምትቆረጠው። መሬቱ ከከብቱ ሊያገኝ የሚገባው ምግብ ምድጃ ውስጥ እየነደደ ነው። ማንን ትወቅሳለህ?

ደግሞ ከዋጋው ይልቅ ወሩ ነው የሚከፋው። ማዳበሪያ የሚገዛው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፣ ጎተራው በሚራቆትበት ጊዜ። እህሉ የሚሸጠው ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገበያ ሲያወጣ፣ ዋጋው ሲወርድ። የሰኔው ብድር በጥር እህል ይከፈላል። ዘንድሮ የጋሼ ማዳበሪያ የተገዛው እትዬ ለልጃቸው ትምህርት ብለው ያቆዩዋት በግ ከነግልገሏ ተሽጣ ነው። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ ከተማ ቤት መከራየት አለባት። የኪራዩ ነገር ሲነሳ ማንም አልተናገረም። እሷም ቡናውን ቀድታ ወጣች።

ዩሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። የምንጠቀመው በዶላር ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና የሚገባውን ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ የጋዙም የማዳበሪያውም ዋጋ በዓለም ገበያ ተሰቀለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጋሼ ዶላር በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ዕዳው ግን በረታቸው ድረስ መጥቶ በግ ወሰደ።

ባቄላ ቢዘሩስ? ብዬ ነበር። ባቄላ ራሱ ናይትሮጅን፣ ያንኑ ከዩሪያ የሚገኘውን የሰብል ምግብ፣ ለመሬቱ ይሰጣል፣ ለቀጣዩ ስንዴ ማዳበሪያ ይቆጥባል። ጋሼ ይሄን ከእኔ በፊት ያውቁታል፣ አያቶቻቸውም ስንዴና ባቄላ እያፈራረቁ ነው የኖሩት። ግን ቆርምድ የሚሉት በሽታ አለ፣ ቅጠሉን አሳብጦና አጨማዶ ያስቀረዋል። ለእሱ ደግሞ መድኃኒት ይረጫል። መድኃኒቱም በብር ነው። እኔ ግን አሁንም ባቄላውን አልተውም እላለሁ። ጤነኛ ዘርና መድኃኒቱ በሰዓቱ ቀበሌው ድረስ ቢደርሱ፣ እንደ ጋሼ ላለ ገበሬ ከዩሪያ ቅናሽ ያላነሰ እርዳታ ነው። የሚመለከታችሁ እየሰማችሁኝ ከሆነ፣ እባካችሁ ይሄን አስቡበት።

ወደዚህ ስቱዲዮ ከመግባቴ በፊት ለጋሼ ደውዬላቸው ነበር። ለልጅቷ ኪራይ የመጀመሪያውን ወር እኔ እንደምልክ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቆየት ብለው «እናንተ ጋ ይዘንባል?» አሉኝ። ግማሽ ከረጢት ዩሪያ ቀርቷቸዋል፣ እርጥበት እንዳይነካው ቆጥ ላይ ሰቅለውታል፣ ዝናብ እየጠበቁ ነው። ነገ ካካፋ ይበትኑታል። ለዚያ ለታችኛው ማሳ ግን አይደርስም።