የቆመ ፉርጎ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የጅማ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ?

"ሐዲድ በሌለበት ከተማ ስለ ባቡር ምን ሊያወሩልን ነው?" ብላችሁ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። የአዲስ–ጅቡቲው ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ወደ እኛ ዞር አላለም። ቡናችን የሚወጣው በመኪና ነው። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት ቡና በማስጫን ነው።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ሃንተር ሃሪሰን ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።

ሃሪሰን በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ ሜምፊስ ውስጥ፣ የጭነት ባቡር ድርጅት ሲቀጠር ሥራው ዘይት መቀባት ነበር። ፉርጎው ሥር ጎንበስ ትላላችሁ። ከመንኮራኩሩ ጎን ያለችውን የብረት ሳጥን ክዳን ትከፍታላችሁ። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ዘይት አለው ወይ? ከደረቀ መንገድ ላይ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ዘንጉ ይሰበራል፣ ባቡሩም ከሐዲዱ ይወጣል።

ይህ ዘይት ቀቢ በ1993 ኢሊኖይ ሴንትራል የተባለው የባቡር ድርጅት መሪ ሆነ። ከዚያም የሌሎች ሦስት የባቡር ድርጅቶች፦ በ2003 የካናዲያን ናሽናል፣ በ2012 የካናዲያን ፓሲፊክ፣ በ2017 የሲኤስኤክስ።

ምን አመጣ? መናኸሪያችንን አስቡ። "አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ሰዓት የሚበላውን ሚኒባስ። የጭነት ባቡርም እንዲሁ ጭነት እስኪሞላ ይገተር ነበር። ሃሪሰን ግን ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ይነሳ አለ። ካናዲያን ፓሲፊክ በ2011 ከ100 ዶላር ገቢው 81 ያህሉን ለሥራ ማስኬጃ ያወጣ ነበር። በ2016 ከ60 በታች ወረደ።

እኔ አንዴ ያስጫንኩት ተሳቢ አንድ መጋዘን በር ላይ አራት ቀን ቆመ። ለምን ብል "ወረፋ ነው" አሉኝ። ቡናው ደህና ነበር። ሾፌሩ ግን አበሉን እዚያው ጨረሰ፣ ቀጣዩ ጭነትም ለሌላ መኪና ሄደ። ያን ኪሳራ ማንም መዝገብ ላይ አልጻፈውም።

አልሸፋፍንም፣ ሰውዬው ጨካኝ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ከሥራ ወጥቷል። ሲኤስኤክስ ላይ ደግሞ ቸኮለ። ፉርጎዎች በየመድረሻቸው የሚለዩባቸውን ግቢዎች ባንዴ ሲቀይር ጭነት ተዘበራረቀ፤ ደንበኞች እስከ መንግሥት ድረስ ጮኹ። እሱም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ በ73 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ከእናንተ መሃል መጋዘን የምትሠሩ አላችሁ። ነገ ደብተር ያዙ። መኪናው ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ? ሳምንት ሙሉ ጻፉና አምጡልኝ። ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።